ጭፈራ የማይሻ ተማሪና የዶርም ጓደኛው

ከላስታ ደጋ ተነሥተው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ተማሪዎች የሚፈልጉትን ተቋም በቅደም ተከተል ሞልተው ቢያቀርቡም፣ የሚማሩበትን ከተማ በመጨረሻ የሚወስነው የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ነው፤ የሚያድሩበትን ክፍልና የክፍል ጓደኞቻቸውን ደግሞ የሚያውቁት ግቢ ከደረሱ በኋላ ከተለጠፈ ዝርዝር ላይ ነው። ዶርም ተብሎ የሚጠራው ይህ የጋራ መኝታ ክፍል እንደየግቢው አራት፣ ስድስት ወይም ስምንት ተማሪዎችን በተደራራቢ አልጋዎች የሚያስተናግድ ሲሆን፣ ለብዙው የገጠር ተማሪ ከወላጆቹ ጣሪያ ውጭ የሚኖርበት የመጀመሪያው ቤት ነው። መጠጥን፣ ጫትንና ሌሊት የሚዘልቅ ጭፈራን የማይሹ ተማሪዎች በዚህ ቤት ውስጥ ወዳጅነትን እንዴት እንደሚመሠርቱ፣ አብሯቸው የሚያድረውንስ ሰው የመምረጥ ዕድል ሊኖራቸው ይገባ እንደሆነ የሚመረምረው ይህ ጽሑፍ በምልልስ መልክ የተዘጋጀ ነው። ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በላሊበላ የአብነት ትምህርት፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ ትምህርት የሚያስተምሩ የኔታ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ በልጅነታቸው ከእርሳቸው ዘንድ ፊደል የቆጠሩ፣ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ የላስታ ተወላጅ ናቸው።

የኔታ፦ ልጄ፣ በዚህ አገር ማንም ሰው ሸሽቶ አያድግም፤ ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ ደቦው፣ ሠርጉና ልቅሶው ሁሉ የጋራ ነው። ነሐሴ 16 ሲደርስ ልጃገረዶቹ ለምለሙን ሣር በወገባቸው አስረው አሸንድዬ እያሉ በየደጁ ይጫወታሉ፤ ለገናም ከሩቅ የመጣው እንግዳ እግሩ ታጥቦ፣ የተገኘው ቀርቦለት ያድራል። እንዲህ ካለ አገር የወጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «ጭፈራ ስለማይወድ ብቻውን ቀረ» ሲባል መሰማቱ እንግዳ ነገር ነው። ምክንያቱ ቢብራራ።

መምህርት፦ የኔታ፣ የላስታ ልጅ የሚያውቀው ደስታ ሰዓት ያለው፣ ታላቅ ያለበትና እያንዳንዱ ድርሻውን የሚያውቅበት ደስታ ነው። አሸንድዬ የምትጫወተው ልጃገረድ የምትዞረው እናቶች በሚያውቁት መንደር ነው፤ በሰንበቴ ጠላ የሚቀምሰው ወጣትም የሚቀምሰው ከአባቱና ከጎረቤቱ ፊት ነው። ግቢ ውስጥ ግን ለአዲስ ገቢው፣ በተማሪዎች አጠራር ለ«ፍሬሹ»፣ የሚደረገው የአቀባበል ምሽት፣ ተመራቂዎቹ ማለትም «ጂሲዎቹ» መዋጮ አሰባስበው የሚያደርጉት የቀለም ቀንና የእራት ምሽት፣ ከዚህም ሌላ በሳምንቱ መጨረሻ ከግቢ ውጭ በየመጠጥ ቤቱ የሚዘልቀው ሙዚቃ፣ ሁሉም ዕድሜያቸው እኩል በሆኑ፣ ትናንት በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል፣ ልክ የሚያበጅ ታላቅ በሌለበት የሚካሄድ ነው። ስለዚህ ወደዚያ የማይሄደው ተማሪ ሰውን የሚሸሽ ተደርጎ መቆጠሩ ስሕተት ነው፤ የሸሸው አንድን የመገናኛ መንገድ እንጂ መገናኘትን አይደለም።

ሆኖም ብቸኝነቱን በቀጥታ የሚያመጡት እነዚህ ዝግጅቶች እንዳልሆኑ መታየት አለበት። የግቢ በዓላት በዓመት ጥቂት ቀናት ስለሆኑ ቀርቶ ማለፍ አይከብድም። የሚከብደው በየዕለቱ የሚመለሱበት ክፍል ነው። ስድስት ሰዎች በሚያድሩበት ዶርም አምስቱ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ወጥተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲመለሱ፣ መብራቱ ይበራል፣ ስልኩ ይዘፍናል፣ የምሽቱ ወሬ ይቀጥላል፤ ስድስተኛው እንቅልፉንም አላገኘ፣ ከወሬውም ድርሻ የለው። በማግስቱ ቁርስ ላይ አምስቱን የሚያስቃቸው ነገር እርሱ ያልነበረበት ስለሆነ ፈገግ ብሎ ከመቀመጥ ሌላ የሚያደርገው የለም። ይህ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሲደጋገም ተማሪው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ይከተላቸዋል፣ ወይም ክፍሉን ለመኝታ ብቻ የሚገባበት ቦታ አድርጎ ቀኑን በቤተ መጻሕፍት ይገፋል።

የኔታ፦ ብዙ ወላጅ የሚፈራው ከመጠጡ ይልቅ ጫቱን ነው። ልጆቹ ደግሞ ለጥናት ይረዳል ብለው እንደሚከራከሩ ይነገራል።

መምህርት፦ ክርክሩ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ለዚህም ነው አደገኛ የሆነው። በእርጥቡ የጫት ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር አእምሮን የሚያነቃ፣ እንቅልፍንና ረኃብን ለጥቂት ሰዓታት የሚያርቅ ነው፤ ተማሪዎች ምርቃና የሚሉት ይህን ንቃት ነው። ነገር ግን ምርቃናው ሲያልፍ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል፤ ያንን ለመስበር ደግሞ ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣል፤ ይህም ጨብሲ ይባላል። እንግዲህ ለፈተና ጥናት ተብሎ የተጀመረው በርጫ፣ ማለትም ጫት ለመቃም አብሮ መቀመጥ፣ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በመጠጥ ቤት ነው፤ የጠዋቱም ትምህርት ያመልጣል። ለዶርም ጉዳይ ትልቁ ቁም ነገር በርጫ ቦታ የሚፈልግ መሆኑ ነው። ብቻውን የሚቅም ጀማሪ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሚጀምረው ቀድመው የለመዱ ጓደኞቹ በተቀመጡበት፣ «ናና ተጫወት» ተብሎ ነው።

የኔታ፦ ሕግስ የለም?

መምህርት፦ ሕግ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ወደ ግቢ የሚገባው ተማሪ በአብዛኛው ገና 18 ወይም 19 ዓመቱ ስለሆነ፣ የአቀባበል ምሽት ተብሎ መጠጥ የሚቀርብለት ልጅ በሕግ ፊት መጠጥ ሊሸጥለት የማይገባ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚይዘው ሻጩን ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መብራት የሚያበራውን የክፍል ጓደኛ የሚይዝ አዋጅ የለም፣ ሊኖርም አይገባም።

የኔታ፦ በአብነቱ ትምህርት እንዲህ ያለው ችግር የሚፈታበት መንገድ ነበረ። ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋድላ የሚሻገረው ተማሪ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይም ከሸዋም ከመጡ ጋር ይገናኛል፤ ጎጆውን በእጁ ይሠራል፣ ወይም ቀድሞ ከሠራው ጋር ይዳበላል። የሚዳበለው ግን ከማንም ጋር አይደለም። ሌሊት ተነሥቶ ቀለም የሚቀጽል ከሌሊት ተነሺ ጋር፣ በማታው የሚበረታ ከማታ ሰው ጋር ይሆናል፤ ያልተስማማ ጎጆ ይለውጣል፤ በመካከላቸው ጠብ ቢነሣ አስነጋሪው፣ ማለትም ታናናሾቹን የሚያስቀጽለው ከፍ ያለው ተማሪ፣ ሰምቶ ያስታርቃል፤ ካልሆነም መምህሩ አጠገብ ናቸው። ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ ይዞ በየደጁ የሚለምነው ቆሎ ተማሪ እንኳ የጎጆ ጓደኛውን የመምረጥ ነጻነት ነበረው።

መምህርት፦ የኔታ ያነሡት ነገር ከዘመናዊው አሠራር ጋር ሲነጻጸር ብዙ ያስተምራል። የአብነቱ ጎጆ ሁለት ነገር አጣምሮ ይዟል፤ አንደኛው በጠባይ መመሳሰል፣ ሁለተኛው ከልዩ ልዩ አገር መሰባሰብ ነው። ዘመናዊው ዶርም ሁለተኛውን ጠብቆ የመጀመሪያውን ጥሏል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ ዳይሬክተሩ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት በነበሩበት ጊዜ፣ ተማሪው ጥቂት ስለነበረ አስተዳዳሪው እያንዳንዱን በስም ሊያውቀው ይችል ነበር። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር አዲስ ገቢ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገባል፤ ክፍል የሚደለድለውና ቁልፍ የሚሰጠው ሠራተኛ፣ በተለምዶ ፕሮክተር የሚባለው፣ በእጁ ያለው መረጃ የተማሪው ስም፣ ጾታና የትምህርት ክፍል ብቻ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ አዲስ ገቢው ገና የትምህርት ክፍል ስለሌለው ብዙውን ጊዜ ድልድሉ በስም ፊደል ተራ ይሆናል። ስማቸው በአንድ ፊደል መጀመሩ ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ ሰዓት እንዲተኙ አያደርግም።

በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ የላስታ ተማሪ ዶርምን የሚያውቀው በመጀመሪያ በፈተናው ቀናት ሆኗል። በእነዚያ ቀናት ሁሉም ስልክ ሳይዝ ይገባል፣ ሁሉም ለአንድ ፈተና ያጠናል፣ ሁሉም በጊዜ ይተኛል። ልጁ የግቢ ኑሮ ይህ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚገጥመው ምሽት ፈጽሞ ሌላ ነው።

የኔታ፦ መንግሥት በነጻ ያስተማረውን፣ ያበላውንና ያሳደረውን ልጅ «ክፍልህን ምረጥ» ማለት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖርስ?

መምህርት፦ እንዲህ የሚለው ሰው ደንቡን አላየም። በ1995 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 91 በተጀመረው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ከምግቡና ከመኝታው ወጪ ደግሞ ሙሉውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየተቆረጠ ይከፍላል። ተማሪው ሲመዘገብ የሚፈርመው ውል ይህ ነው። ስለዚህ ዶርም ስጦታ አይደለም፣ በብድር የተገኘ ቤት ነው፤ ባለዕዳው ስለ ቤቱ ጥያቄ ማቅረቡ መብቱ ነው። ደግሞም ጥያቄው ተጨማሪ ክፍል ይሠራልን የሚል ሳይሆን፣ ያሉት አልጋዎች በሌላ መለኪያ ይደልደሉ የሚል ነው።

የኔታ፦ የክፍል ጓደኛ በእርግጥ ይህን ያህል ሰውን ይለውጣል? ጠንካራ ልጅ የትም ቢያድር ጠንካራ ነው የሚሉ አሉ።

መምህርት፦ ይህን በትክክል ለመመለስ አስቸጋሪ የሚሆነው ሰዎች ጓደኛቸውን ራሳቸው ሲመርጡ ነው፤ የሚጠጣ ሰው የሚጠጣ ጓደኛ ቢይዝ ጓደኛው አበላሸው ወይስ ቀድሞም ይመሳሰሉ ነበር የሚለው አይለይም። ማይክል ክሬመርና ዳን ሌቪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህን ችግር ያለፈው፣ በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የክፍል ጓደኞቻቸው በዕጣ የተመደቡላቸውን ተማሪዎች በመከተል ነው። ውጤቱም፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ይጠጣ ከነበረ ጓደኛ ጋር የተመደበ ወንድ ተማሪ አማካይ ውጤቱ ከአራት ነጥብ በሩብ ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ መገኘቱ ነው፤ በሴቶች ላይ ግን ይህን የመሰለ ልዩነት አልታየም። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳቱ ይበልጥ የከበደው ራሳቸውም ቀደም ብለው በብዛት ይጠጡ በነበሩት ወንዶች ላይ መሆኑ ነው።

የኔታ፦ እንግዲያውስ ጸጥተኛው አይጎዳም ማለት ነው?

መምህርት፦ እንደዚያ አይደለም፣ የኔታ። ጥናቱ የለካው ውጤትን ነው፤ እንቅልፍን፣ ብቸኝነትንና ቤት የማጣትን ስሜት በዚያ ሚዛን ማየት አይቻልም። ነገር ግን ጥናቱ አንድ ትልቅ ስሕተት ያርማል። ብዙ ወላጅ ጸጥተኛ ክፍል የሚያስፈልገው ለጨዋው ልጅ መከለያ እንዲሆን ብቻ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን አንድ እግሩ በመጠጥ ቤት ያለው፣ መመለስ እየፈለገ የሚመለስበት ቦታ ያጣው ልጅም እንዲህ ያለው ክፍል ይበልጡን ያስፈልገዋል። የአሜሪካው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ በ1988 እ.ኤ.አ. ከአልኮል ሱስ ለሚያገግሙ ተማሪዎች የተለየ ማደሪያ የከፈተው ይህን አስቦ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሱስ ኖሯቸው የማያውቁ ተማሪዎችም ፈርመው የሚገቡባቸው፣ መጠጥና ጭስ የማይገባባቸው የማደሪያ ወለሎች ተለምደዋል።

የኔታ፦ ይህን ወደዚህ አገር ለማምጣት ሲታሰብ አንድ ከባድ ነገር ይታያል። ልጆቹ ጓደኛ ይምረጡ ከተባለ የአገራቸውን ልጅ፣ ቋንቋቸውን የሚናገረውን፣ በሃይማኖት የሚመስላቸውን መርጠው ይገባሉ። ወልድያ ላይ የሆነው አልተረሳም።

መምህርት፦ ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተነሣ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ በተከታዮቹ ሳምንታትም ሁከቱ በሌሎች ግቢዎች ታይቶ፣ ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ከዚህ በኋላ «የክፍል ጓደኛ ምርጫ» የሚለው ቃል በአስተዳዳሪዎች ጆሮ «በብሔር መከፋፈል» ሆኖ ቢሰማ አያስደንቅም፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው። ከላስታ የሄደ ልጅ ከጅማ፣ ከጋምቤላና ከጅግጅጋ ከመጣ ልጅ ጋር ተኝቶ የሚነሣበት፣ አንዱ የሌላውን እናት በስልክ ሰላም የሚልበት ክፍል ሌላ ምንም ነገር የማይተካው የአገር ሀብት ነው። ይህን የሚያፈርስ ምርጫ ከሚመጣ ጩኸቱን መታገሥ ይሻላል።

ነገር ግን ድልድልን በጠባይ ማድረግ ይህን ሀብት ከማፍረስ ይልቅ ያጸናዋል። የሚጠየቀው ተማሪው ከየት እንደመጣ ሳይሆን በስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ጫት ይቅም እንደሆነ፣ ያጨስ እንደሆነ፣ ሲያጠና ሙዚቃ ይከፍት እንደሆነ፣ እንግዳ ወደ ክፍል መምጣቱ ይረብሸው እንደሆነ ብቻ ነው። ቅጹ ላይ የትውልድ ቦታ፣ ቋንቋና ሃይማኖት የሚሞላበት መስመር መኖር የለበትም፤ የጓደኛ ስም የሚጻፍበትም እንዲሁ። ለኪዳን በሌሊት የሚነሣው የላስታ ዲያቆንና ለሱብሒ ሶላት የሚነሣው የሐረርጌ ልጅ በተመሳሳይ ሰዓት ተኝተው በተመሳሳይ ሰዓት የሚነሡ፣ ሁለቱም መጠጥ ወደ ክፍላቸው የማያስገቡ ናቸው፤ የፊደል ተራ ያራራቃቸውን ሁለቱን ልጆች የጠባይ ቅጽ በአንድ ክፍል ያገናኛቸዋል። በግጭት ቀንም አንዱ ሌላውን የሚሸሽገው እንዲህ አብረው ከኖሩ ነው።

የኔታ፦ ልጆቹ ግን ዛሬም ቢሆን የሚሰባሰቡበት አላቸው። የግቢ ጉባኤው አለ አይደል?

መምህርት፦ አለ፤ ለብዙ የላስታ ልጆችም መድኅን ሆኗል። የግቢ ጉባኤ ማለት በዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች የሚማሩበትና የሚያገለግሉበት ጉባኤ ሲሆን፣ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን የሚያስተባብረው ነው። አዲስ ገቢው ከመናኸሪያ ሲወርድ ሻንጣውን ተቀብለው፣ ግቢውን አሳይተው፣ ማታ መዝሙር የሚያስጠኑት ነባር ተማሪዎች ከምንም የአቀባበል ምሽት የበለጠ ሥራ ይሠራሉ። የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓና የወንጌላውያን ተማሪዎች ፌሎሺፕም በየበኩላቸው ይህንኑ ያደርጋሉ። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ያለው ጥንካሬ ከአሸንድዬና ከሰንበቴ ጋር አንድ ነው፤ ሰዓት አላቸው፣ ታላቅ አላቸው፣ ለእያንዳንዱም ድርሻ ይሰጣሉ።

ሁለት ጉድለት ግን መነገር አለበት። አንደኛው ተማሪው ከራሱ ጉባኤ ሌላ ሰው ሳያውቅ ሊመረቅ መቻሉ ነው፤ ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ ሃይማኖታዊ ዝንባሌው ያልጠነከረ፣ መጠጡንም ጫቱንም የማይሻ ተማሪ የትም የማይቆጠር መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ማንም ሳያየው አራት ዓመት ይኖራል። ለእርሱ የሚሆኑት የቀይ መስቀል ክበቡ፣ የኪነ ጥበብ ክበቡ፣ ሚኒ ሚዲያው፣ የቅዳሜ እግር ኳሱ ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱን በመጀመሪያው ወር ያልያዘ ተማሪ በኋላ ለመግባት ይከብደዋል፣ ቡድኑ ቀድሞ ተዋውቋልና። ሴቶቹ በዚህ ረገድ የተሻለ ዘዴ አላቸው፤ ቡና ያፈላሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአንዷ ዶርም የሚወጣው የቡና ሽታ የአጎራባቹን ክፍል ሁሉ ይሰበስባል፣ ማንም የመግቢያ አይጠየቅም። ብዙ ግቢዎች በክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃን በእሳት አደጋ ምክንያት ይከለክላሉ፤ ክልከላው ትክክል ቢሆንም፣ በየብሎኩ ምድር ቤት አንድ የቡና ማፍያ ክፍል ቢፈቀድ ብዙ የመጠጥ ቤት ምሽቶችን ይተካ ነበር።

የኔታ፦ የሰሜኑ ጦርነት ያለፈበት ግቢ ይህን ሁሉ ይችላልን? ወልድያም ሆነ ደሴ ንብረታቸው ተዘርፎ፣ ክፍላቸው ተሰባብሮ እንደነበረ ሁሉም ያውቃል። ዛሬም መንገዱ አስጊ ነው።

መምህርት፦ መንገዱ አስጊ መሆኑ ጉዳዩን ይበልጥ ያከብደዋል። ቀድሞ የላሊበላ ልጅ በሴሚስተር ዕረፍት በጋሸና ዞሮ ቤቱ ደርሶ፣ እናቱ ዘንድ ሰንብቶ ይመለስ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ይህን ለብዙዎች አስቸጋሪ ስላደረገ ዶርሙ የዓመቱ ሙሉ ቤት ሆኗል። የማያርፉበት ክፍል ለአራት ወር ይቻል ይሆናል፣ ለአሥር ወር ግን ሰውን ይጎዳል። ገንዘብን በተመለከተ ደግሞ ከላይ የተባለው ቅጽ የሚጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀትና የፕሮክተሮችን የሁለት ቀን ሥራ ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ብሎክ አንድ ወለል ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ የሚጠበቅበት ይሁን ማለትም ግንብ አያስገነባም።

የኔታ፦ ቅጹን ግን ወላጅ አጠገቡ ቆሞ ካስሞላው ሁሉም «አልጠጣም፣ አልቅምም» ብሎ ይጽፋል።

መምህርት፦ ስለዚህ ቅጹ እዚህ ላሊበላ ሳይሆን እዚያ ግቢ ውስጥ፣ ተማሪው ብቻውን ሆኖ ሊሞላው ይገባል፤ መልሱም ለቅጣት እንደማይውል፣ ለቤተሰብም ሆነ ለትምህርት ክፍሉ እንደማይተላለፍ በቅጹ አናት ላይ ይጻፍ። ያም ሆኖ የሚዋሽ ይኖራል፤ የሚለወጥም ይኖራል፤ በመስከረም ጸጥተኛ የነበረ በጥር ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የአብነቱ ተማሪ ጎጆ ይለውጥ እንደነበረ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላ ማንም ተማሪ ምክንያት ሳይጠየቅና የክፍል ጓደኛውን ሳይከስ ክፍል እንዲለውጥ አንድ ጊዜ ዕድል ይሰጠው። ዛሬ ክፍል መቀየር የሚፈልግ ልጅ ጓደኛውን በአቤቱታ መወንጀል ስላለበት ዝም ብሎ መቀመጥን ይመርጣል።

የኔታ፦ በዚህ ዓመት ወደ ግቢ የሚሄዱት የዚህ አገር ልጆች ቅጹ እስኪመጣ የሚጠብቁበት ጊዜ የላቸውም። ምን ይነገራቸው?

መምህርት፦ ሦስት ነገር ይበቃቸዋል፣ የኔታ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ማንም ማንንም ሳያስቀይም፣ የክፍሉ ሰዎች ተቀምጠው የመብራት ማጥፊያውን ሰዓት ይስማሙ፤ ይህ ንግግር በሦስተኛው ወር ቢነሣ እንደ ክስ ይሰማል። ከክፍሉ ሰዎች ጋር በምሽት ባይወጡም ቀን ምሳ ላይ አብረዋቸው ይቀመጡ፤ ሰው የሚርቀው ምሽቱንም ምሳውንም ከተዉት ነው። የተቀላቀሉት ክበብ ወይም ጉባኤ ደግሞ ከምሽቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሰበሰብ ይሁን፤ ለመውጣት የሚጠሩት በዚያ ሰዓት ነውና፣ «ቀጠሮ አለብኝ» የሚል ልጅ «አልወድም» ከሚለው ይልቅ በሰላም ይታለፋል።